የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የማንጋ ሠዓሊ ካታሎግ ታሪኩን ካልያዘ ምን ይዟል?

ማንጋ ስለሚባሉት የጃፓን የሥዕል ታሪኮች ካወጣነው ጽሑፍ በኋላ ከድሬዳዋና ከሐረር የደረሱን ደብዳቤዎች በአብዛኛው የሚጠይቁት ስለ ታሪኮቹ አልነበረም። አንባቢዎቻችንን ይበልጥ ያሳሰባቸው ለአንድ ሠዓሊ ክብር ከከተማ ወደ ከተማ በሚዘዋወር ዐውደ ርእይ ላይ የሚሸጠው ካታሎግ፣ ማለትም የቀረቡትን ሥዕሎች የያዘው መጽሐፍ ነው። ከደብዳቤዎቹ አምስቱን መርጠናል። የመጀመሪያው ረዘም ያለ መልስ ስለሚፈልግ ሌሎቹ ጠያቂዎች እንዲታገሡን እንለምናለን።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። ጃፓን አገር የሚማር የአጎቴ ልጅ ለልጄ ብሎ አንድ ከባድ መጽሐፍ ላከልን። የአንድ ስመ ጥር የማንጋ ሠዓሊ አርባኛ የሥራ ዓመት ሲከበር በብዙ ከተሞች ለተዘዋወረ ዐውደ ርእይ የታተመ መሆኑን ነግሮናል። ልጄ የሚወደውን ታሪክ ሊያነብ ቢገልጠው ታሪኩ የለም፤ ገጾቹ ከየቦታው የተለቀሙ ናቸው። በዚያ ላይ ሥዕሎቹ ነጭ ቀለም የተቀባባቸው ቦታዎች፣ ሰማያዊ የእርሳስ ጭረቶችና ተቆርጠው የተለጠፉ የጽሑፍ ቁራጮች ይታዩባቸዋል፤ ወረቀቱም ቢጫ ነው። የተበላሸ ዕትም ደርሶን ይሆን? (አባት፣ ከዚራ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የደረሰዎት ዕትም ደኅና ነው። እንደ ጉድለት የቆጠሯቸው ነጭ ቀለም፣ ሰማያዊ ጭረትና የተለጠፉ ቁራጮች ካታሎጉ ሆን ብሎ ሊያሳይ የተነሣባቸው ነገሮች ናቸው። ይህ እንዲገባን አንድ የማንጋ ገጽ ከሠዓሊው ጠረጴዛ ተነሥቶ አንባቢ እጅ እስኪገባ የሚያልፍበትን መንገድ ማወቅ ይጠቅማል።

የማንጋ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚወጣው በየሳምንቱ ወይም በየወሩ በሚታተም፣ ርካሽና ሸካራ ወረቀት በሚጠቀም ወፍራም መጽሔት ላይ ነው። ቆይቶ ምዕራፎቹ ይሰበሰቡና ኪስ በሚገባ ትንሽ ጥራዝ ይወጣሉ፤ ልጅዎ የሚያውቀውም ይህንን ጥራዝ ይመስለኛል። ሠዓሊው የሠራበት ወረቀት ግን የተዘጋጀው ለማተሚያ ቤት ካሜራ ነበር፤ አንባቢ ያየዋል ተብሎ አልታሰበም። ሠዓሊው በመጀመሪያ በእርሳስ ይነድፋል፤ ከዚያም ጥቁር ቀለም ውስጥ እየነከረ በሚጠቀምበት የብረት ብዕር መስመሩን ያወጣል፤ የሳተውን በነጭ ቀለም ይሸፍናል፤ ግራጫ እንዲመስል የፈለገውን ቦታ ደግሞ ጥቃቅን ነጠብጣብ የታተመበትና ከጀርባው ሙጫ ያለው፣ ስክሪንቶን የሚባል ስስ ፕላስቲክ ቆርጦ ይለጥፍበታል። ኮምፒዩተር ሥራውን ከመረከቡ በፊት የገጸ ባሕርያቱ ንግግር ለብቻው በፊደል ማሽን ተጽፎ፣ በመቀስ ተቆርጦ፣ በየቦታው ይለጠፍ ነበር። ፈዛዛ ሰማያዊ እርሳስ በጥቁርና ነጭ ኅትመት ላይ ስለማይወጣ፣ ሠዓሊውና አዘጋጆቹ ለማተሚያ ቤቱ የሚሰጡትን መመሪያ በዚሁ እርሳስ ገጹ ላይ ይጽፉ ነበር። ማተሚያው የሚያውቀው ጥቁርና ነጭን ብቻ በመሆኑ ነጩ እርማትም፣ የቁራጮቹ ጠርዝም፣ ሰማያዊው ጭረትም ታትሞ በሚወጣው መጽሔት ላይ ይጠፋሉ።

ካታሎጉ እነዚህን የጠፉ ነገሮች መልሶ ያመጣቸዋል። ሐረር ውስጥ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ልብስ ያሰፋ አስተዋይ ሰው ልብሱን ገልብጦ ስፌቱን እንደሚመረምር ሁሉ፣ ካታሎጉም ማንጋውን ገልብጦ ያሳየናል። ነጩ ቀለም የተደራረበበት ፊት ሠዓሊው ደጋግሞ የታገለበት ፊት ነው። ብሩሽ በአንድ ትንፋሽ ያለፈበት ጥቁር ጥላ ደግሞ በመጽሔቱ ላይ አንድ ወጥ ጥቁር ቢመስልም፣ ካታሎጉ ላይ ቀለሙ የወፈረበትና የሳሳበት ቦታ ይለያል። ይህን ለማሳየት ሲባል ጥቁርና ነጭ የሆነው ገጽ ሳይቀር እንደ ባለቀለም ሥዕል በአራት ቀለም ይታተማል። የወረቀቱና የሙጫው ቢጫነት ሊታይ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው፤ የካታሎጉን ዋጋ ከፍ ከሚያደርጉት ነገሮችም አንዱ ይኸው የኅትመት ዓይነት ነው። ወረቀቱን አንጽቶ ነጭ አድርጎ፣ ጥቁሩን ደፍኖ የሚያትም ካታሎግ ካጋጠመዎት ትንሹን ጥራዝ በትልቅ ወረቀት ደግሞ ከማተም ያለፈ ሥራ አልሠራምና ገንዘብ ባያወጡበት ይሻላል ባይ ነኝ።

ገጾቹ ከየቦታው የተለቀሙ የሆኑትም ዐውደ ርእዩ እንዲሁ ስለነበረ ነው። አርባ ዓመት የሠራ ሠዓሊ ያከማቸውን በሺህ የሚቆጠር ገጽ ሁሉ የሚሰቅል ግድግዳ አይገኝም። ስለዚህ አዘጋጆቹ የታሪኩን መታጠፊያዎች፣ የመጽሔት ሽፋን የሆኑ ባለቀለም ሥዕሎችንና የሠዓሊው እጅ የተለወጠባቸውን ዘመናት የሚያሳዩ ገጾችን ይመርጣሉ። ከዚህ ልማድ የወጡ ዐውደ ርእዮችም አሉ። የማንጋ ሠዓሊው ታኬሂኮ ኢኖዌ እ.ኤ.አ. በ2008 በቶኪዮው የኡኤኖ ሮያል ሙዚየም ጀምሮ በተከታዮቹ ዓመታት ወደ ኩማሞቶ፣ ወደ ኦሳካና ወደ ሴንዳይ የወሰደው ዐውደ ርእይ ለግድግዳ ተብሎ የተሣለ አንድ አዲስ ታሪክ ነበረው፤ ተመልካቹ ከክፍል ወደ ክፍል እየተራመደ ያነበው ነበር። እንዲህ ያለው ግን ጥቂት ነው።

ማንጋ በታላላቅ ሙዚየሞች መታየት የጀመረበት ጊዜም ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ስመ ጥሩ የማንጋ ሠዓሊ ኦሳሙ ቴዙካ እ.ኤ.አ. በ1989 ዐረፈ፤ በዓመቱ በ1990 የቶኪዮ ብሔራዊ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሥራዎቹን ለሕዝብ አቀረበ። በ2006 ኪዮቶ ውስጥ በአንድ የቀድሞ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሕንፃ ዓለም አቀፍ የማንጋ ሙዚየም ተከፈተ። በ2019 ደግሞ ለንደን የሚገኘው የብሪታንያ ሙዚየም ለማንጋ ሰፊ ዐውደ ርእይ አዘጋጀ። ሙዚየሞች ማንጋን ማሳየት ከመጀመራቸው በፊት በነበረው ዘመን ዋናዎቹ ገጾች ከታተሙ በኋላ ብዙም ክብር ያልነበራቸው የሥራ ወረቀቶች ነበሩ፤ ለአንባቢ እንደ ስጦታ የተሰጡም አሉ።

በካታሎጉ መጨረሻ አካባቢ ጥቅጥቅ ያለ ሠንጠረዥ ያገኛሉ። የጃፓንኛ ፊደል ባያነቡም ይህ የሥራዎቹ ዝርዝር መሆኑን ከቁጥሮቹ መለየት ይችላሉ፤ የእያንዳንዱ ሥዕል ዓመት፣ መጠኑና የተሠራበት ቁስ እዚያ ይሰፍራል። አንዳንዱ ሥዕል ጎን የሚታየው ምልክት በየትኛው ከተማ ወይም በየትኛው ሳምንታት ብቻ እንደታየ የሚናገር ነው። ወረቀት ላይ የተሠራ ሥራ፣ በተለይ በፈሳሽ የቀለም ብዕር የተቀባ፣ ብርሃን ያደበዝዘዋል። ሙዚየሞች እንዲህ ያለውን ሥራ 50 ሉክስ ገደማ በሆነ ደብዛዛ ብርሃን ያሳዩታል፤ በየጊዜውም በሌላ ይተኩታል። በአንድ ከተማ አንድ ወይም ሁለት ወር እየቆየ ብዙ ከተማ ለሚዞር ዐውደ ርእይ ይህ ቀላል ጣጣ አይደለም። የኪዮቶ ሴይካ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2001 በሠዓሊቷ በኬይኮ ታኬሚያ መሪነት እያንዳንዱን የእርሳስ ጭረት ሳይቀር አስመስሎ የሚያትም ሥራ የጀመረው፣ ዋናዎቹ ገጾች በመጋዘን ዐርፈው ቅጂዎቹ እንዲዘዋወሩ ለማስቻል ነው። እንግዲህ ቶኪዮ ሄዶ ዐውደ ርእዩን ያየ ሰው ሁሉንም ሥዕል ላያይ ይችላል፤ ሁሉም በአንድ ላይ የሚገኙት እርስዎ እጅ ባለው መጽሐፍ ውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ መጋላ ውስጥ አሮጌ መጻሕፍት እሸጣለሁ። አንድ ደንበኛ እንዲህ ያለ ካታሎግ ይዞ መጣ፤ ጀርባው ላይ ዋጋም ሆነ ባርኮድ የለውም። ያለፈቃድ የታተመ ኮፒ መሆኑን በምን ላውቅ እችላለሁ? (ነጋዴ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ የባርኮድ አለመኖር ብቻውን አያስጠረጥርም። ብዙዎቹ ካታሎጎች የሚሸጡት በዐውደ ርእዩ መውጫ ላይ ባለው ሱቅ ስለሆነ ወደ መጻሕፍት መደብር የሚያስገባቸው ቁጥር አያስፈልጋቸውም። አንዳንዶቹ ግን ከአሳታሚ ጋር ተዘጋጅተው እንደ ማንኛውም መጽሐፍ ይሰራጫሉ። ዐይንዎን የመጨረሻው ገጽ ላይ ያሳርፉ፤ ትክክለኛው ዕትም የታተመበትን ቀን፣ አዘጋጁን፣ ንድፍ ያወጣውን፣ ማተሚያ ቤቱንና የባለመብቱን ስም አንድ ላይ ይዘረዝራል። በጃፓን ትልልቅ ዐውደ ርእዮችን ከሙዚየሞች ጋር የሚያዘጋጁት ብዙ ጊዜ ጋዜጦችና የቴሌቪዥን ጣቢያዎች በመሆናቸው የእነርሱንም ስም ቢያዩ አይደነቁ።

ሁለተኛው መንገድ አጉሊ መነጽር ነው። ግራጫ የሆነውን ቦታ ሲያጎሉት የስክሪንቶኑ ነጠብጣብ አንድ በአንድ ጥርት ብሎ ከታየ መልካም ነው። ከታተመ መጽሐፍ ላይ በስካነር ተነሥቶ እንደገና የታተመ ከሆነ ግን የሥዕሉ ነጠብጣብና የማተሚያው ነጠብጣብ ይጋጩና ውኃ ላይ እንደሚታይ ሞገድ ያለ ዥንጉርጉር ያወጣሉ። ስለ ዋጋው የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሽፋኑን የሚያቅፈው የወረቀት ቀበቶ፣ ማኅደሩና በመሐል የገባ ልቅ ወረቀት ካለ አብረው መኖራቸውን ሳያረጋግጡ አይግዙ።

ጥያቄ፦ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ማንጋ እየቀዳሁ ሥዕል እለማመዳለሁ፤ መስመሬ ግን እንደ መጽሐፉ ቀጭን አይሆንልኝም። ጓደኛዬ ካታሎግ አላት። ከእርሱ ብማር ይሻለኛል? (ተማሪ፣ ሸዋ በር፣ ሐረር)

መልስ፦ አዎን፣ ይሻልሻል፤ መስመርሽ አልቀጥን ያለበትም ምክንያት እጅሽ ላይሆን ይችላል። ሙያተኞች የሚጠቀሙበት ወረቀት 257 በ364 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዋናው ሥዕል የሚያርፍበት ክፈፍ ደግሞ 180 በ270 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህ ሥዕል ወደ ትንሹ ጥራዝ ሲገባ ከግማሽ ብዙም ወደማይበልጥ መጠን ያንሳል፤ መስመሩም አብሮት ይቀጥናል። አንቺ ግን ያነሰውን ሥዕል ባነሰው መጠን ለመቅዳት ስትታገዪ ሠዓሊው ራሱ ያልሠራውን ቅጥነት ከእጅሽ እየጠየቅሽ ነው።

ከጓደኛሽ ካታሎግ ውስጥ በዋናው መጠን የታተሙ ገጾችን ፈልጊ፤ የሥራዎቹ ዝርዝር ውስጥ ያለውን መጠን በማስመሪያ ከለካሽው ጋር ብታስተያዪ ታገኛቸዋለሽ። ከእነዚህ ላይ የአንድን ፀጉር ወይም የአንድን እጅጌ መስመር ብቻ ውሰጂ። የብረት ብዕሩ ሲጫኑት ጫፉ ተከፍቶ ይወፍራል፣ ሲያላሉት ይቀጥናል፤ ስለዚህ መስመሩ የት እንደተጀመረና ወዴት እንደተሳበ ከውፍረቱ ታነቢያለሽ። ሙሉ ገጽ በአንድ ጊዜ ለመቅዳት አትቸኩዪ። ብዕሩ ባይኖርሽም በእርሳስ ጀምሪ፤ መጀመሪያ መማር ያለብሽ የመስመሩን አካሄድ ነው። በነገራችን ላይ በብዙ ገጾች ላይ ከበስተጀርባ የሚታዩትን ሕንፃዎችና ዛፎች የሚሠሩት ረዳቶች ናቸው፤ የረዳቶቹን ስም የማይጠቅስ ካታሎግ ምንም ያህል ቢያምር ለእኔ ጎደሎ ነው።

ጥያቄ፦ በድሬ ሙቀትና አቧራ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ እንዴት እናቆየዋለን? ጀርባው ከወዲሁ መሰንጠቅ ጀምሯል። ደግሞስ ከቀኝ ወደ ግራ የሚገለጥ መጽሐፍ እዚህ የሚጠርዝልን ሰው ይገኛል? (ባለቤት፣ ሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ በመሆኗ የሚያሰጋው ጀርባውን የያዘው ሙጫ ነው። አብዛኛው ወፍራም ካታሎግ በትኩስ ሙጫ የተጣበቀ ነው፤ ሙጫው በሙቀት ይላላል፣ ሲያረጅ ደግሞ ደርቆ ይሰነጠቃል። መጽሐፉን ቆርቆሮው ከሚግልበት ጣሪያ ሥር ካለ መደርደሪያና ፀሐይ ከሚያገኘው መስኮት ያርቁት። ከባድ ስለሆነ አግድም አስተኝተው ያስቀምጡት እንጂ አያቁሙት፤ ሲያነቡም ጀርባው እስኪተኛ ድረስ በኃይል አይለጥጡት። የሚያብረቀርቀው ወረቀት ውኃ ከነካው ሲደርቅ እርስ በርሱ ይጣበቃልና በእርጥብ ጨርቅ አይጥረጉት። የተሰነጠቀውንም በፕላስተር አይለጥፉት፤ የፕላስተሩ ሙጫ ቆይቶ ይበልዛል።

ጠራዥ ግን አያጡም። ሐረር የራሷ የሆነ የቆየ የመጽሐፍ ድጉሰት ጥበብ ያላት ከተማ ናት፤ በጀጎል ውስጥ የሚገኘው የሸሪፍ የሐረር ከተማ ሙዚየም ከሰበሰባቸው ቅርሶች መካከል የእጅ ጽሑፎችና በቆዳ የተደጎሱ መጻሕፍት ይገኙበታል። በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ መጽሐፍ ሲጠርዝ ለኖረ ሰው ከቀኝ የሚገለጥ መጽሐፍ እንግዳ አይሆንበትም። አንድ ነገር ብቻ አስጠንቅቁት፤ ጠርዙን ለማስተካከል ብሎ እንዳይከረክመው። ብዙ ሥዕሎች እስከ ወረቀቱ ጫፍ ስለሚደርሱ የተከረከመው ሁሉ ከሥዕሉ ላይ የሚቆረጥ ነው።

ጥያቄ፦ ሐረር ውስጥ ሥዕል አስተምራለሁ። ከባልደረቦቼ ጋር የአንድን የአካባቢያችንን አንጋፋ ሠዓሊ ሥራዎች ሐረር፣ ድሬዳዋና ጅግጅጋ ላይ ለማሳየት አስበናል። ካታሎግ ማሳተም ከዐቅማችን በላይ ነው የሚሉን አሉ። ምን ይመክሩናል? (መምህር፣ ሐረር)

መልስ፦ መምህር፣ የጃፓኖቹን ያህል ወፍራምና ባለ ማኅደር የሆነ መጽሐፍ ከዐቅም በላይ ሊሆን ይችላል። የአንድ ካታሎግ ዋና ሥራ ግን የትኛው ሥዕል፣ መቼ፣ በምን፣ በምን ያህል መጠን እንደተሠራና አሁን በማን እጅ እንዳለ መመዝገብ ነው፤ ይህ ደግሞ በሠላሳና በአርባ ገጽ ይሠራል። የከተማዎ ልጅ የሆነውን ገብረ ክርስቶስ ደስታን ያስቡ። እ.ኤ.አ. በ1932 ሐረር ተወልዶ በ1981 በስደት አሜሪካ ውስጥ ዐረፈ፤ ጀርመን አገር ተጠብቀው የቆዩ ሥዕሎቹ በ2008 ወደ አገር ቤት የተመለሱት ያሉበት ቦታ የታወቀ ስለነበረ ነው። ያልተመዘገበ ሥዕል ግን ከግለሰብ ሳሎን ወደ ግለሰብ ሳሎን ሲዞር ይኖርና ሠዓሊው ሲያልፍ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ገንዘቡ ካነሰ ከባለቀለም ገጾቹ ቀንሱ እንጂ ከዝርዝሩ አትቀንሱ። ለዐውደ ርእዩ ያልመጡ ሥራዎችንም በትንሽ ፎቶግራፍ ብታካትቱ ደስ ይለኛል።

ከሁሉም በፊት የጽሑፍ ፈቃድ ያዙ። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥዕሉን የገዛ ሰው በመግዛቱ ብቻ የማባዛት መብት አያገኝም፤ የቅጂ መብቱ ለሌላ ካልተላለፈ በቀር የሠዓሊው ሆኖ ይቆያል፤ ካለፈም በኋላ ለ50 ዓመት የወራሾቹ ነው። በሌላ አነጋገር ሥዕሉን ለዐውደ ርእይ የሚያውሳችሁ ሰው አንድ ነው፣ በካታሎግ እንድታትሙት የሚፈቅድላችሁ ደግሞ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱንም አስፈርሙ። ሠዓሊው በሕይወት ካለ እያንዳንዱን ሥዕል ፊቱ አቅርባችሁ የተሠራበትን ዓመት ጠይቁት፤ የሚናገረውንም በራሱ አባባል ጻፉት። ዐውደ ርእዩ ሦስት ከተማ ስለሚዞር የትኛው ሥዕል የት እንደሚታይ በዝርዝሩ ውስጥ በምልክት ለዩ፤ በየከተማው መነሻና መድረሻ የእያንዳንዱን ሥዕል ሁኔታ በፎቶግራፍ አስቀሩ።

ሥዕሎቹን ስታነሡ ፀሐይ በቀጥታ በማያርፍበት ጥላ ውስጥ፣ ካሜራውን ከሥዕሉ መሐል ትይዩ አድርጋችሁ፣ ከጎኑ የቀለም መመዘኛ ካርድ አስቀምጣችሁ አንሡ፤ ብልጭታ አትጠቀሙ። መስታወት ያለውን ሥዕል ባለቤቱ ከፈቀደ ከመስታወቱ አውጡት። ማተሚያ ቤቱ ሙሉውን ከማተሙ በፊት ቀይና ቡናማ የበዛበትን አንድ ገጽ ብቻ አስወጥታችሁ ከዋናው ሥዕል ጎን በቀን ብርሃን አስተያዩት፤ ልዩነቱ ጎልቶ ከታየ በዚያው ቀን እንዲስተካከል ጠይቁ፤ ውሉ ላይም ይህ የናሙና ገጽ ሳይጸድቅ ኅትመቱ እንደማይቀጥል አስገቡበት።